ሃይድሮጅን ቦንድ እና የእማዬ አረቄ

ይህን ጽሑፍ «እኔ» ብለን ልንጀምረው አስበን ነበር፤ አልሆነልንም። ባደግንበት ቤት ውስጥ «የእኔ» የሚባል ነገር ብዙም አልነበረም። አንድ ፍራሽ፣ አንድ ጃንጥላ፣ አንድ የሒሳብ መጽሐፍ፣ አንዲት እናት… ሁሉም የእኛ ነው። ሦስት ነን። ታላቂቱ ጋዜጠኝነት ተምራለች (ይህን የምትጽፈው እሷ ናት፤ ግድፈት ካለ በእሷ ይታሰብ)። ተከታይዋ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ትንሹ ወንድማችን ደግሞ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነው።

እናላችሁ፣ ዛሬ የምናወራችሁ ስለ ሃይድሮጅን ቦንድ ነው።

ቆይ! ገጹን አትዝጉት። ኬሚስትሪን ከእኛ በላይ የሸሸ ሰው የለም። አንዳችን ጋዜጠኝነት፣ አንዳችን አካውንቲንግ የገባነው «ሞል» የሚባለውን ነገር ዳግመኛ ላለማየት ተማምለን ነው። ግን አንዳንድ ነገር ቢሸሹትም ቤት ድረስ ይመጣል። ይሄኛውማ ከመጀመሪያውም እቤታችን ነበር።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ከፋሲካ በፊት አንድ ማታ፣ አዲስ አበባ ሁለታችን በተከራየናት ክፍል ቁጭ ብለን ወንድማችን ደወለ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ «ሃይድሮጅን ቦንድ ምንድን ነው?» አለ። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገን ሁለታችንም ከአፉ ነጥቀን መለስንለት። በእንግሊዝኛ። ከስንት ዓመት በፊት የሸመደድናት ዓረፍተ ነገር አንዲት ቃል ሳትጎድላት ወጣች፤ ፍሎሪን፣ ኦክስጅን፣ ናይትሮጅን… ምናምን። ኮራን።

«እሱንማ መጽሐፉም ይላል» አለ ልጁ። «እኔ የጠየቅኳችሁ ምንድን ነው ብዬ ነው።»

ዝም አልን። እርስ በርስ ተያየን። ለነገሩ እኛ እኮ በዚያ ጥያቄ ሙሉ ማርክ ያገኘን ሰዎች ነን! ሙሉ ማርክ ያገኘንበትን ቀን ደግሞ በሌላ ምክንያት አንረሳውም። እሱን እንመጣበታለን።

*

የእኛ አገር አርሲ ነገሌ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሻሸመኔ ስትወርዱ የምታልፏት፣ ብዙዎቻችሁ ከመኪና መስኮት ብቻ የምታውቋት ከተማ። በሁለት ነገር ትታወቃለች ቢባል፣ አንዱ አረቄ ነው። እናታችንም ከዚሁ ላይ ናት። አረቄ አውጪ ናት። እኛን ሦስታችንን ያሳደገችን፣ ዩኒፎርም የገዛችልን፣ ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ብርድ ልብስና ሻንጣ የሸኘችን በአረቄ ነው።

ይቺን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ስንት ዓመት እንደፈጀብን ብታውቁ! ትምህርት ቤት «የአረቄ ልጆች» እንባል ነበር። የጌሾው ሽታ ከዩኒፎርማችን አይለቅም። ማታ ማታ ደግሞ ደጃችን ላይ የሚንገዳገደው ሰው የማን አባት እንደሆነ ክፍል ውስጥ አብረውን የሚቀመጡት ልጆች ያውቁታል፣ እኛም እናውቀዋለን። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ስንመዘገብ፣ ፎርሙ ላይ «የወላጅ ሥራ» የሚል ክፍት ቦታ ሲመጣ፣ ታላቂቱ «የቤት እመቤት» ብላ ሞላች። በሁለት ዓመቷ ተከታይዋም ስትገባ ይህንኑ ጻፈች። አልተመካከርንም። አያስፈልግም ነበር።

አረቄ እንዴት እንደሚወጣ ለማታውቁ፣ ባጭሩ ይሄውላችሁ። ጌሾና ብቅሉ፣ እህሉም ተጨምሮ ድፍድፉ ለቀናት ይብላላል። ሲደርስ ወደ ማሰሮ ይገለበጣል፤ የማሰሮው አፍ ይገጠምና ዙሪያው በጭቃ ይመረጋል፤ ከላዩ መቃ ይወጣል። ከሥር እሳት። እንፋሎቱ በመቃው ሄዶ ሌላ ዕቃ ውስጥ ይገባል፤ እማዬ «መቀበያው» ትለዋለች። መቀበያው ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ገንዳ ውስጥ ተቀምጧል። እዚያ እንፋሎቱ ይቀዘቅዝና ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል። በመጀመሪያው ዙር የሚወጣው ተራ አረቄ ነው። እሱኑ ተመልሶ ማሰሮ ካስገቡትና ካወጡት ዳግም ይሆናል። የእማዬ ዳግም በአካባቢው ስም ያለው ነው።

የእኛ የልጆቿ ሥራ ሁለት ነበር። አንደኛው እሳቱን መጠበቅ፣ «አታስቸኩሉት፣ ከቸኮለ ውሃውን ይዞት ይመጣል» እየተባልን። ሁለተኛው የገንዳውን ውሃ መቀየር። የገንዳው ውሃ እየቆየ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይደፋል፣ ቀዝቃዛ ይጨመራል። ይደፋል፣ ይጨመራል። ጄሪካን ከቦኖ እየተሸከምን ያደግነው ለዚያ ውሃ ነው።

የ11ኛ ክፍል ፈተና ዋዜማ (ያን ዓመት ታላቂቱ ደግማ ሁለታችን አንድ ክፍል ነበርን፤ እሱም ሌላ ታሪክ ነው) ኬሚስትሪ እየሸመደድን ነበር። አንዳችን ትጠይቃለች፣ አንዳችን ትመልሳለች። ሃይድሮጅን ቦንድ ምንድን ነው? ትርጉሙን እንደ ጸሎት እየደጋገምን ነው። እማዬ ከጓሮ ሁለት ጊዜ «ውሃ!» ብላ ተጣራች። ሁለት ጊዜ «እሺ!» አልን። ቁጭ ብለን።

ገንዳው ውስጥ ያለው ውሃ ፈልቶ ነበር ማለት ይቻላል። እንፋሎቱ መቀበያው ውስጥ ገብቶ መቀዝቀዝ አቃተው። መውጫ ፈልጎ በምርጊቱ በኩል ማፏጨት ጀመረ። እማዬ ጭቃ ይዛ ልትደፍነው ጎንበስ ስትል ምርጊቱ ለቀቀ። ቀኝ ክንዷን ከአንጓዋ እስከ ክርኗ ገሸለጣት።

ጎረቤት ተሰብስቦ አንዱ ቅቤ፣ አንዱ ሊጥ ቀባት። (አሁን እናውቃለን፤ ለቃጠሎ ለብዙ ደቂቃ፣ ወደ 20 ደቂቃ፣ ንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ነው እንጂ ቅቤ አይደለም።) በማግስቱ ፈተናው ላይ ጥያቄው መጣ። ሁለታችንም አገኘነው። ሙሉ ማርክ።

*

ለፋሲካ አገር ቤት ስንገባ ወንድማችን ደብተሩን ይዞ ጠበቀን። እኛም ሳንዘጋጅ አልሄድንም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሥራ መልስ ስናነብ ሰንብተናል። ጋዜጠኛ ናችሁ የተባልን ሰዎች (ቢያንስ ግማሻችን) አንዲት የኬሚስትሪ ሐሳብ ለገዛ ወንድማችን በአማርኛ ማስረዳት ካቃተን፣ ለማን ልንጽፍ ነው?

የበዓል ሰሞን ነውና እማዬ ማሰሮ ጥዳለች። እዚያው እሳቱ ዳር ተቀመጥን።

«ውሃ ሲፈላ ምን ይሆናል?» አልነው።

«ይበተናል። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይሆናል።»

ይሄ ስህተት እኛም ነበረብን። ብዙ ሰው አለበት። ውሃ ሲፈላ ሞለኪውሉ አይፈርስም። አንድ የውሃ ሞለኪውል ውስጥ አንድ ኦክስጅን ሁለት ሃይድሮጅኖችን አጥብቆ ይዟል፤ ያንን የጀበናም የማሰሮም እሳት አይፈታውም። ማሰሮው ላይ የሚወጣው እንፋሎት እዚያው የነበረው ውሃ ራሱ ነው፤ የተለያዩት ሞለኪውሎቹ እርስ በርሳቸው ነው።

ታዲያ እርስ በርስ ምን አያያዛቸው? ኦክስጅን ስስታም ነው። ከሃይድሮጅን ጋር በጋራ የያዙትን ኤሌክትሮን ወደ ራሱ ይጎትታል። ኦክስጅኑ በጥቂቱ ኔጌቲቭ ይሆናል፣ የተራቆተው ሃይድሮጅን በጥቂቱ ፖዘቲቭ ይሆናል። ያ ሃይድሮጅን ታዲያ ከጎኑ ያለውን የሌላ ሞለኪውል ኦክስጅን ያይና ይጠጋል። አይጋቡም፤ ይጠጋጋሉ። ይሄ መጠጋጋት ነው ሃይድሮጅን ቦንድ የሚባለው። ጥንካሬው ሞለኪውሉ ውስጥ ካለው ትስስር አንድ ሃያኛ ገደማ ነው። ዕድሜውም በጣም አጭር ነው፤ በሰከንድ ትሪሊዮንኛ ልክ ይላቀቃሉ፣ ወዲያው ሌላ ይይዛሉ።

ወንድማችን ፊቱን አጨማደደ። እማዬ ደግሞ ከእሳቱ ቀና ሳትል፣ «ጎረቤት ነዋ» አለች።

«ምን አልሽ እማዬ?»

«አንዱ ቤት ውስጥ ያለው ዘመድ ነው። ሌላው ጎረቤት ነው። ጎረቤት ሥጋህ አይደለም፤ ግን እሱ ባይኖር እዚህ ሰፈር አትቆይም።»

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሉት ነገር! ሁለት ሳምንት ያነበብነው በአንድ ትንፋሽ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር እየተፈታ መጣ። ውሃ ጎረቤት የበዛበት ነው። አንድ የውሃ ሞለኪውል እስከ አራት ጎረቤት መያዝ ይችላል። ለዚህ ነው በባሕር ጠለል ላይ እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ሳይፈላ የሚቆየው። (እኛ ጋ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆንን በ93 ገደማ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል።) የቅርብ ዘመዱ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ ያ እንደ ገማ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ፣ ክብደቱ የውሃን እጥፍ ሊሞላ ምን ቀረው፤ ነገር ግን ከዜሮ በታች በ60 ዲግሪ ነው የሚፈላው። ሰልፈር እንደ ኦክስጅን አይስብምና ጎረቤቶቹን አጥብቆ አይዝም። ውሃም ጎረቤት ባይኖረው ኖሮ በምድራችን ሙቀት ጋዝ ነበር። ወንዝ የለ፣ ላንጋኖ የለ፣ እኛም የለን።

አልኮሉስ? አረቄው ውስጥ ያለው ኤታኖል እሱም ኦክስጅንና ሃይድሮጅን የተያያዙበት አንድ ጫፍ አለው፤ ግን አንድ ብቻ። ሌላው ወገኑ ካርቦን ነው፤ ካርቦን ደግሞ ጉርብትና አይወድም። ስለዚህ ኤታኖል የሚይዘው ጎረቤት ሁለት ገደማ ነው፣ የሚፈላውም በ78 ዲግሪ ነው። ከውሃው ቀድሞ ይነሳል። መቃው ውስጥ መጀመሪያ የሚገባው እንፋሎት አልኮል የበዛበት የሆነው ለዚህ ነው። ግን ብቻውን አይሄድም፤ ከውሃው ጋርም ተጎራብቷልና ይዞት ይሄዳል። እሳቱ ሲበዛ ደግሞ ውሃው በብዛት ይከተላል። «ከቸኮለ ውሃውን ይዞት ይመጣል» ማለት ይሄ ነው። ዳግም የሚባለው ደግሞ ከድፍድፉ የበረታውን ተራውን መልሶ አፍልቶ፣ እንደገና የቀደመውን መቀበል ነው። ሆኖም የትም ማሰሮ ቢሆን፣ የትኛውም ፋብሪካ ቢሆን፣ በማፍላት ብቻ ከ96 በመቶ ገደማ በላይ አልኮል አያወጣም። የመጨረሻዋ ውሃ አልለቅም ትላለች።

ወንድማችንን ያስደነቀው ግን ሌላ ነው። ኤታኖል ውስጥ ያሉት አቶሞች ሁለት ካርቦን፣ ስድስት ሃይድሮጅን፣ አንድ ኦክስጅን ናቸው። እነዚሁ አቶሞች በቁጥር አንድም ሳይጎድሉ ሌላ አደራደር ሲይዙ ዳይሜቲል ኢተር የሚባል ነገር ይሆናሉ። እዚያ ውስጥ ኦክስጅኑ በሁለት ካርቦኖች መካከል ተሰንጎ ነው ያለው፤ ከእሱ ጋር የተያያዘ ሃይድሮጅን የለም። ስለዚህ እርስ በርስ መጎራበት አይችሉም። የሚፈላውም ከዜሮ በታች በ24 ዲግሪ ነው። አንደኛው ጠርሙስ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሌላው ክፍት ዕቃ ውስጥ ብትተዉት በኖ ይጠፋል። ክብደት አንድ፣ አቶም አንድ፤ ልዩነቱ ጎረቤት ብቻ።

«ይሄ ነገር ፈተና ላይ ይመጣል?» አለ ልጁ።

ተፈታኝ ምን ታደርጉታላችሁ!

*

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር ጣል እናድርግ፤ ሜታኖል። የኤታኖል ታናሽ ነው፤ አንድ ካርቦን ብቻ ያለው፣ በ65 ዲግሪ ገደማ የሚፈላ፣ ዓይን የሚያጠፋና የሚገድል። «የመጀመሪያዋን ጠብታ ከደፋን ሜታኖሉ ሄደ» የሚሉ አሉ። እውነቱን ለመናገር ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ሜታኖልም ከውሃውና ከኤታኖሉ ጋር በሃይድሮጅን ቦንድ የተጎራበተ ስለሆነ በአንዲት ጠብታ ተሰብስቦ አይወጣም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተደባልቆ ይመጣል። ደግነቱ ከእህል የሚወጣ አረቄ ውስጥ በተፈጥሮው የሚገኘው ትንሽ ነው። በየአገሩ ሰው በጅምላ የፈጀው ባብዛኛው የፋብሪካ ሜታኖል ሆን ተብሎ ወይም በስህተት መጠጥ ውስጥ ሲጨመር ነው። በሽታውም በጣዕሙም አትለዩትም። ስለዚህ ምንጩን የማታውቁትን አትጠጡ። የአረቄ ልጆች ይህን ካላሏችሁ ማን ይበላችሁ?

ሃይድሮጅን ቦንድ ከማሰሮ ውጭም ሥራ አለው። እማዬ አንድ ጊዜ ለአዲስ አበባ አከራያችን አንድ ጠርሙስ ዳግም ላከችላቸው። እሳቸውም ፍሪዘር ውስጥ፣ እስከ አፉ ከተሞላ የውሃ ጠርሙስ አጠገብ አስቀመጡት። ጠዋት የውሃው ጠርሙስ ተሰንጥቆ ተገኘ፤ አረቄው ምንም አልሆነም። «የእናታችሁ አረቄ ጠርሙሴን ሰበረው» ብለው ተቆጡን። አረቄው ንጹህ ነበር! የውሃው ጎረቤቶች ናቸው ጥፋተኞቹ። ውሃ ሲቀዘቅዝ እያንዳንዱ ሞለኪውል አራት ጎረቤቱን ይዞ በልኩ ክንዱን ዘርግቶ ይቆማል፤ መካከላቸው ክፍት ቦታ ይበዛል። ስለዚህ በረዶ ከውሃው ይሰፋል፣ ይቀልላል፣ ይንሳፈፋል፣ ጠርሙስም ይሰነጥቃል። ዳግም ውስጥ ያለው አልኮል ደግሞ ጎረቤታሞቹ እንዲህ ተሰልፈው እንዳይቆሙ መካከላቸው ይገባል፤ የቤት ፍሪዘር ቅዝቃዜም አይበቃውም። ይህን ያኔ ብናውቅ ኖሮ የጠርሙሱን ዋጋ ኪራይ ላይ ደምረን ባልከፈልን።

ሴቶች ሆይ፣ ፀጉራችንም ከዚሁ ነው። ፀጉር ውስጥ ያለው ፕሮቲን ቅርጹን ከሚይዝባቸው ነገሮች አንዱ ሃይድሮጅን ቦንድ ነው። ሙቀት ይፈታዋል፣ ሲቀዘቅዝ በተዘረጋበት ይይዛል። ቅዳሜ በካውያ ያስተኛነው ፀጉር ቦሌ ላይ አንድ ዝናብ ሲመታው ወደ ትውልድ አገሩ የሚመለሰው፣ የዝናቡ ውሃ ገብቶ አዲሶቹን ጎረቤታሞች ስለሚያለያያቸው ነው። ገንዘባችን የሚሄደው ለዚህ ነው።

*

አሁን ወደ ገንዳው እንመለስ። የከበደን እሱ ነው።

ወንድማችን፣ «ገንዳው ውስጥ ያለው ውሃ ለምን ይሞቃል? እሳት እኮ አልነካውም» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። ደስ ብሎን ጀመርን።

ውሃን እስኪፈላ ማሞቅ አንድ ነገር ነው፣ ወደ እንፋሎት መቀየር ሌላ። አንድ ኪሎ ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 93 ለማድረስ 305 ኪሎጁል ገደማ ይበቃል። ያንኑ የፈላ ውሃ ሙሉ በሙሉ ወደ እንፋሎት ለመቀየር ግን 2,270 ኪሎጁል ገደማ ይፈልጋል፤ ከሰባት እጥፍ በላይ። ሙቀቱን ቴርሞሜትር ላይ አታዩትም። የት ገባ? ጎረቤታሞቹን ለማለያየት ተከፈለ። ለኤታኖል ይህ ዋጋ ከውሃው ግማሽ እንኳ አይሞላም። እማዬ እንጨት የምትገዛው ለዚህ ነው። ከተማችን ዙሪያ ያለው ደን የሳሳበትን ምክንያት የሚዘረዝር ሰው ይህችንም ከምክንያቶቹ መካከል ሳይጽፋት አያልፍም።

ግን የተከፈለው ዋጋ አይጠፋም። እንፋሎቱ ይዞት ይሄዳል። መቀበያው ውስጥ ቀዝቅዞ ጠብታ ሲሆን፣ ማለትም ጎረቤታሞቹ መልሰው ሲገናኙ፣ ያንን ሁሉ ሙቀት አንድ ሳያስቀር ይመልሰዋል። ለማን? ለነካው ነገር። ገንዳው ውስጥ ላለው ውሃ። ውሃው የሚሞቀው ለዚህ ነው። የሚቀየረው ለዚህ ነው። ካልተቀየረ ደግሞ…

አንዳችን የጀመረችውን ሌላዋ አልጨረሰችውም።

ሒሳቡ ደብተሩ ላይ ነበር፤ ልጁ ራሱ ነው ያሰላው። አንድ ግራም የፈላ ውሃ ቆዳ ላይ ወድቆ ወደ ሰውነት ሙቀት ሲወርድ 234 ጁል ገደማ ይሰጣል። አንድ ግራም የውሃ እንፋሎት ግን መጀመሪያ እዚያው ቆዳው ላይ ይጎራበታል። 2,500 ጁል ገደማ። ከአሥር እጥፍ በላይ። ማሰሮው ሊያልቅ ሲል፣ አልኮሉ ወጥቶ ሲያበቃ፣ የሚመጣው እንፋሎት ባብዛኛው ውሃ ነው። ያን ማታ ማሰሮው ሊያልቅ ሲል ነበር።

የእማዬን ክንድ አየነው። እጅጌዋን ለሥራ ሰብስባ ነበር። ቆዳው ከአንጓዋ እስከ ክርኗ የሚያብረቀርቅ፣ የተኮማተረ፣ ከሌላው የነጣ። ለስንት ዓመት አይተነው ነው፤ ግን እንዲህ አድርገን አይተነው አናውቅም። ያኔ የሸመደድነው ነገር ትርጉሙ እዚህ ክንድ ላይ ተጽፎ ነበር። እኛ ደብተር ላይ እያነበብነው፣ ከጓሮ ሁለት ጊዜ ተጠርተን፣ «እሺ» ብለን…

«እማዬ፣ ያን ጊዜ ውሃውን…» አልን።

«ሞቆ ነበር» አለች። እንጨቱን ወደ ኋላ ሳብ አደረገች። «አውቄዋለሁ። ጭቃውን ስይዝ ገንዳውን ነክቼዋለሁ።»

«ለምን አልነገርሽንም?»

«ፈተና ነበረባችሁ።»

ሌላ ነገር አልተባለም። እኛም አልቅሰን አላስለቀስናትም፤ በዓል ነው፣ ደንበኛም ደጅ ቆሟል። አንዳችን ተነሳን፣ ገንዳው ውስጥ እጃችንን ከተትን፣ ለብ ብሏል። ደፋነው። ቀዝቃዛ ጨመርንበት። ሳንጠራ።

*

ስናነብ ያገኘናት አንዲት ነገር አለች። የሃይድሮጅን ቦንድን ሐሳብ ውሃን ለማስረዳት አደራጅተው ያሳተሙት ዌንዴል ላቲመርና ወርዝ ሮድቡሽ የተባሉ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1920። ኋላ ላይኑስ ፖሊንግ እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳተመው መጽሐፉ ዓለም እንዲያውቀው አደረገ። እኛን የገረመን ግን የ1920ው ጽሑፍ የግርጌ ማስታወሻ ነው። ሁለቱ ሰዎች እዚያ ላይ ሞሪስ ሃጊንስ የተባለ የዚያው ላቦራቶሪ ወጣት ገና ባልታተመ ሥራው ይህንኑ ሐሳብ እንደተጠቀመበት ጠቅሰዋል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ባይጽፏት ማን ይጠይቃቸው ነበር? ግን ጻፏት።

እኛ ደግሞ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት አራት ዓመት ሙሉ «ምንጭህን ጥቀስ» ሲባል የሰማን ሰዎች፣ የራሳችንን ምንጭ ፎርም ላይ «የቤት እመቤት» ብለን አለፍናት። ይህ ጽሑፍ ዘግይታ የመጣች የግርጌ ማስታወሻ ናት።

ከበዓሉ በኋላ ልንመለስ ስንል ወንድማችን ከትምህርት ቤት የሚሞላ ፎርም ይዞ መጣ። «የወላጅ ሥራ» የሚለው ጋ ሲደርስ ብዕሩን አቁሞ አየን። እኛ ምንም አላልነውም። የማለት መብቱም የለንም። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ጻፈ፤ «አረቄ አውጪ»።

እማዬ ማንበብ ብዙም አይሆንላትም። «ምን ብለህ ጻፍክ?» አለችው።

ነገራት።

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «ዳግም የሚለውን ጨምርበት» አለችው። «ተራ አውጪ እንዳልመስላቸው።»

ቸር እንሰንብት።